ዕድል ሲመነዘር

«ይሄ ማጭበርበር አይደለም እንዴ?» አለችኝ ልጇን ልትወስድ የመጣች አንዲት እናት። ልጁ ዳይሱን ጥሎ 4 ወጥቶበት ነበር። ከፊቱ ከተደረደሩት ቀይ የኮት ቁልፎች አንዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገና ዳይሱን ደገመው። አሁን ደግሞ ብሶ 3 ወጣ። ልጁ ግን «ዐሥራ ሦስት!» ብሎ ጮኸ፤ ጓደኞቹም አጨበጨቡለት። እኔም «ከጣሪያው የወደቀችውን ልጅ አየር ላይ ቀለብካት» አልኩት። ለማያውቅ ሰው ነገሩ በጠራራ ፀሐይ የተሠራ ሌብነት ይመስላል።

እንጀራዬ የሒሳብ ሥራ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የሰው ደረሰኝ ስቆጥር እውልና ቅዳሜ ማታ የእህቴን ልጆችና ጓደኞቻቸውን ቤዝመንት ውስጥ ሰብስቤ የሱፐር ሂሮ ጨዋታ አጫውታለሁ። ሰሌዳም ስክሪንም የለውም። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ጀግና ይፈጥራል፤ የቀረውን ዓለም፣ ወንበዴውንም ፖሊሱንም የደነገጠውንም መንገደኛ፣ እኔ እሆናለሁ። ልጆቹ «እንዲህ ላደርግ ነው» ይላሉ። ይሳካ አይሳካ የሚያጠራጥር ነገር ከሆነ ሃያ ጎን ያለው ዳይስ ይጣላል፤ በወጣው ቁጥር ላይ የጀግናው ችሎታ ይደመራል፤ ድምሩ እኔ የቆረጥኩት ቁጥር ላይ ከደረሰ ተሳካ። የምንመራበት መጽሐፍ «ሚውታንትስ ኤንድ ማስተርማይንድስ» ይባላል። ስቲቭ ኬንሰን ያዘጋጀው፣ ግሪን ሮኒን የተባለ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ሲሆን እኛ የያዝነው ሦስተኛው እትም ነው።

ዳይስ ለማንም አያዳላም፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። 20 የመውጣት ዕድሉ ከመቶ 5 ነው፤ 1ም እንዲሁ። ኮሚክ ውስጥ ግን ነገር እንዲህ አይሄድም። ስፓይደር ማን ቀጠሮ ያረፍዳል፣ ኪራይ ይጎድለዋል፣ አለቃው ይጮህበታል፤ ሰው ሊሞት ሲል ግን ይደርሳል። (በ1973 ፍቅረኛውን ግዌን ስቴሲን ማዳን ሲያቅተው አንባቢ ያን ያህል የደነገጠው፣ እስከ ዛሬም የሚያወራው ለዚህ ነው።) ዳይስ ብቻውን ቢተው ጀግናው ቀጠሮውን በሰዓቱ ደርሶ ልጅቷን ይጥላታል። የጨዋታ ደራሲዎች «የጀግና ነጥብ» የሚሉትን ነገር ያመጡት ይህን ለማቃናት ነው። የእኛ ቤት ቀይ ቁልፎች እነዚያ ነጥቦች ናቸው።

ለእናትየው ወረቀት አውጥቼ ሒሳቡን አሳየኋት። አንድ ልጅ የሚወድቅ አውቶቡስ ለመያዝ 25 ያስፈልገዋል እንበል፤ የጀግናው ችሎታ 10 ነው። ዳይሱ 15 ወይም ከዚያ በላይ መስጠት አለበት። ከሃያው ቁጥር የሚያዋጡት ስድስቱ ብቻ ናቸው፤ ከመቶ 30። አልሆነም እንበል። ነጥብ ከፍሎ ሲደግም ሕጉ ይለወጣል፦ ከ1 እስከ 10 ያለ ቁጥር ከወጣ 10 ይጨመርበታል፣ 11ና ከዚያ በላይ ከሆነ እንዳለ ይያዛል። ስለዚህ ድጋሚው ውርወራ መቼም ከ11 አይወርድም። 15ን የሚያደርሱት ቁጥሮች አሁን ከስድስት ወደ ዐሥራ ሁለት ከፍ አሉ፤ ከመቶ 60 ሆነ። ነጥብ በኪሱ ይዞ የሚጀምር ልጅ ሁለቱም ውርወራ ተደምሮለት ከመቶ 72 የመሳካት ዕድል አለው።

ከዚህ በላይ የምወደው ሁለቱን ጫፎች ነው። ዳይሱ ላይ 11 ወይም ከዚያ በታች የሚበቃው ልጅ ነጥብ ከከፈለ አይስትም፤ ማረጋገጫ ገዛ ማለት ነው። የግድ 20 የሚያስፈልገው ግን ከፍሎም ከመቶ 10 ብቻ ነው የሚያገኘው። ነጥቡ ከአቅም በላይ ለሆነ ነገር ብዙም አይረዳም፤ የሚክሰው መቻል የሚገባውን ሰው ዳይስ ሲበድለው ነው። ይህ ያልገባው ልጅ ነጥቡን ሁሉ በማይሆን ሙከራ ላይ ያፈሳል፤ የገባው ደግሞ ከ11 እስከ 15 ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን ብቻ እጁ ወደ ቁልፉ ይሄዳል። ክፍልፋይ የሚጠላው የእህቴ ልጅ ይህን ሒሳብ በቃሉ ይሠራዋል።

መቼ እንደሚከፈልም ተወስኗል። አጫዋቹ ውጤቱን ከማወጁ በፊት ነው። እኔ «አልተሳካም» ካልኩ አበቃ። ስለዚህ ዳይሱ ሲቆም ትንሽ ዝም እላለሁ፤ ልጆቹ ፊቴን ያነባሉ፤ እኔም ፊቴን እንደ ድንጋይ አደርጋለሁ። የቁርጡን ቁጥር ሁልጊዜ አልነግራቸውምና ግምት አለበት። ጠቅላላ ጨዋታው ውስጥ እንደዚህች አፍታ የሚጥመኝ የለም።

ነጥቡ ለሌላም ይሆናል። የደከመ ወይም የፈዘዘ ጀግና ነቅቶ ይነሳበታል። የሌለውን የትግል ብልሃት እስከሚቀጥለው ተራው መጨረሻ ይዋሳል። መላ ሲጠፋው እኔን ፍንጭ ይጠይቅበታል። ልጆቹ የሞቱለት ግን ትዕይንቱን የሚነካካው ነው፦ ቁልፉን ገፋ አድርጎ «ፎቁ ላይ የእሳት አደጋ ቱቦ አለ» ይላል፤ ይኖራል። ልጓሙ ግን አስቀድሞ የተነገረን ነገር መቀየር አለመቻሉ ነው። በሩ ብረት ነው ካልኩ ብረት ነው። የመጨረሻው ቃልም የእኔ ነው፤ «ጣሪያው ላይ ታንክ ቆሟል» ያለኝን ልጅ ቁልፉን መልሼ አሰናብቼዋለሁ።

ይህ ሁሉ ወጪ ነው። የአንድ ጨዋታ ሕግ ብስለቱ የሚለየው ገቢው ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እንደ ሒሳብ ሰው መጀመሪያ የማየውም እሱን ነው። እዚህ መጽሐፍ ላይ ልጆቹ ታሪኩን ሲጀምሩ አንድ አንድ ነጥብ ብቻ ይሰጣቸዋል። ሌላው የሚመጣው ከመከራ ነው። ጀግናውን ሲፈጥሩ ጣጣ ይመርጡለታል፦ ምስጢራዊ ማንነት፣ ፍርሃት፣ ቂም፣ የሚጠብቀው ቤተሰብ። ትልቁ የእህቴ ልጅ የፈጠረው ጀግና ማታ ማታ እናቱ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጅ ነው። ወንበዴው ባንክ ሰብሮ ሲወጣ ስልኩ ይጠራል፤ «የት ነህ? ቤቱ ሞልቷል!» ትለዋለች። ልጁ ትግሉን ጥሎ ከሄደ፣ ወይም ቀርቶ ቁጣዋን ከተቀበለ፣ አንድ ቁልፍ ይወስዳል። መጀመሪያ ሰሞን ልጆቹ ጣጣ ሲመጣባቸው ያኮርፉ ነበር። አሁን «ጋሼ፣ እናቴ እስካሁን አልደወለችም እኮ!» የሚሉኝ እነሱ ናቸው።

ሕጉ እኔንም ያስከፍላል። ወንበዴዎቼ የራሳቸው ነጥብ የላቸውም። ታሪኩ እንዳይጨናገፍ አለቃቸው ማምለጥ ካለበት አስመልጠዋለሁ፤ የበደልኳቸውን ተጫዋቾች ግን በነጥብ እክሳለሁ። ያዳላሁት በግልጽ፣ ደረሰኝ ቆርጬ ነው። በአዋቂዎችም ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ግልጽነት ቢኖር አልጠላም።

ያልተከፈለ ነጥብ ታሪኩ ሲያልቅ ይቃጠላል፤ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። ጨካኝ ይመስላል፤ ያለዚህ ግን ልጆች ነጥባቸውን ብፌ ውስጥ ለእንግዳ ተብሎ እንደተቀመጠ የብርጭቆ ስብስብ ነው የሚያደርጉት፤ እንግዳውም አይመጣ፣ ብርጭቆውም አይነካ። የመጨረሻው ፍልሚያ ሲቃረብ እኔ ራሴ «ዛሬ ያልወጣ ነገ የለም» እያልኩ እዞራለሁ።

ቀደምቶቹ መጻሕፍት ይህን ሁሉ አላሟሉም። በ1981 የወጣው «ቻምፒዮንስ» ዕድልን እንደ መብረርና እንደ ጉልበት የሚገዛ ኃይል አደረገው፤ ተጫዋቹ ዳይሶች ይጥላል፣ የወጣው 6 ሁሉ አንድ ዕድል ነው፣ በምን መልክ እንደሚመጣ ግን አጫዋቹ ይወስናል። ባለቤቱ የሚያዝበት ነገር የለም። በ1984 ጄፍ ግራብና ስቲቭ ዊንተር ለቲ.ኤስ.አር. ያዘጋጁት የማርቭል ጨዋታ «ካርማ» ይዞ መጣ። ከመቶ በሚጣለው ዳይስ ላይ አንድ ካርማ አንድ ቁጥር ይጨምራል። መክፈል የፈለገ ግን ከመጣሉ በፊት መናገር አለበት፤ ከተናገረ ደግሞ ዳይሱ ቢቀናውም ባይቀናውም ቢያንስ 10 ይቆረጥበታል። ሰው የገደለ ጀግና ካርማውን በሙሉ ያጣል። ይህ ቅጣት በቅጽበት ጠባይ ያስተምራል፤ ከየትኛውም ምክር ይበልጥ። የማልስማማበት ጀግናው የሚያድገውም በዚያው ካርማ መሆኑ ነው። ዕለታዊ ወጪና ቁጠባ ከአንድ ሒሳብ ከወጡ ቆጣቢው ልጅ ባንኩን እየሞላ ጓደኞቹ ሲደበደቡ ያያል። በቀጣዩ ዓመት ሜይፌር ያሳተመው «ዲሲ ሂሮስ»ም እዚያው ላይ ተሰናከለ።

ኃይሉ ራሱ ዕድል የሆነ ጀግናስ? የኮሚክ ወዳጆች ዶሚኖን ያስታውሳሉ፤ ጥይት የሚስታት፣ የወደቀችበት ሁሉ ለስላሳ የሚሆንላት። መጽሐፋችን ለእንዲህ ዓይነቱ ጀግና ያለ ነጥብ መድገሚያ ይሸጥለታል፤ ከጀግናው የኃይል ደረጃ ግማሽ እንዳይበልጥ ግን ጣራ አበጅቶለታል። ደረጃው 10 ከሆነ ጣራው 5 ነው። ይህ ዕድል ያለ መከራ የተገኘ ስለሆነ እኔ አንድ ግዴታ ጨምሬበታለሁ፦ ዕድሉ በምን እንደደረሰ ተጫዋቹ ይተርካል። «ደገምኩ» ብሎ ማለፍ የለም፤ ሽጉጡ ለምን እንደከሸፈ መንገር አለበት።

አሁን ቤዝመንት ውስጥ የቀረው ክርክር አንድ ነው፦ ነጥቤን ለጓደኛዬ ልክፈልለት ወይ? በ2016 የወጣው፣ ስለ ወጣት ጀግኖች የሆነው «ማስክስ» ለዚህ የቡድኑን ነጥብ አንድ ላይ ያስቀምጣል፤ ማንም ከዚያ አንስቶ በጓደኛው ውርወራ ላይ 1 ይጨምራል። በእኛው መጽሐፍ ግን ነጥብ በመሠረቱ የግል ነው፤ ለሌላ ለመክፈል ዕድልን የመቆጣጠር ኃይል መግዛት ያስፈልጋል። እኔም ሕጉን አላልቼ አላውቅም። ስለዚህ ትንሿ የእህቴ ልጅ ያን ኃይል ለመግዛት የዕድገት ነጥብ ማጠራቀም ጀምራለች፤ ወንድሟ ደግሞ ገና ሳትገዛው በእሷ ቁልፎች ላይ ዕቅድ እያወጣ ነው።