የሚያድግ ልጅ ሲሮጥ

ጎሕ ሲቀድ በጃን ሜዳ በኩል ያለፈ ሰው ገና አሥራ አራት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ሲሮጡ ያያል። ከእነርሱም መካከል ከቤቱ ባዶ ሆዱን የወጣ አይጠፋም። ወላጆች ልጃቸውን በዚህ ሁኔታ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ ከክፉ ባልንጀራ ርቋልና። ነገም ስሙ የሚጠራ፣ ቤተ ሰቡን የሚያነሣ ሯጭ ይሆናል ብለው ተስፋ ያደርጋሉ። ተስፋው መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ ሮጦ ሲመለስ በገበታው ላይ ምን ይጠብቀዋል? ዛሬ ከወላጆች ጋራ ልንነጋገርበት የወደድነው ጉዳይ ይህ ነው።

የጎልማሳ ሰው ምግብ ለዕለት ሥራውና ለጤናው ይውላል። የልጅ ሰውነት ግን ከዚህ በላይ ገና ያልተጨረሰ ሕንፃ አለበት፤ አጥንቱ ይረዝማል፣ ጡንቻው ይሞላል፣ ደሙም ይበዛል። በዚህ ላይ ሩጫ ሲጨመር ወጪው ይከብዳል። ገበታው ያልበቃ እንደ ሆነ ሰውነት ለሩጫው የሚያወጣውን ለዕድገት ከተቀመጠው ላይ ያነሣል። ልጁ ለጊዜው ይሮጥ ይሆናል፤ ውሎ አድሮ ግን ዕድገቱ ይዘገያል፣ አጥንቱ ይሳሳል፣ በትንሽ በትልቁም ይታመማል። በሴት ልጅ ላይ ምልክቱ በወር አበባዋ ይታወቃል። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት ገና ያላየች፣ ወይም አይታ ሦስት ወር ያህል የተቋረጠባት ልጅ ሐኪም ሊያያት ይገባል፤ «ሩጫ ያመጣው ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። እናት ይህን ሳታፍር ትጠይቅ፤ ልጅም ሳትፈራ ትንገር።

ታዲያ ምን ይብላ? ከሩቅ አገር የመጣ ውድ ነገር መፈለግ አያሻም። ከሩጫ በፊት ጥቂት በሶ ወይም አንድ ሙዝ፣ ከሩጫ በኋላ ደግሞ ሳይዘገይ ቂንጬ፣ ገንፎ ወይም እንጀራ በወጥ ቢያገኝ መልካም ነው። ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና አተር ሰውነትን ይገነባሉ፤ በፍስክ ቀን ወተትና እንቁላል ይህን ያጠነክሩታል። ደም የሚሠራበት የብረት ማዕድን በምስርና በጎመን ይገኛል፤ ሎሚ ቢጨመቅበት ወይም ብርቱካን ቢከተለው ሰውነት አብልጦ ይቀበለዋል። ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋራ ሲጠጡ ይህንኑ ማዕድን ያግዱታልና አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገዩ ይሻላል። ልጁ ያለ ወትሮው ቢደክም፣ ቢገረጣ፣ ትንፋሹም ቢያጥር፣ ሰነፍክ ብሎ ከመቆጣት አስቀድሞ ደሙን ማስመርመር ይገባል።

በእኛ ቤት ደግሞ የጾም ነገር አለ። ረቡዕና ዓርብ በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ዐቢይ ጾምም 55 ቀን ነው። ልጁ ጾሙን ይዞ ሲሮጥ ለአሠልጣኙ ይንገር፤ ብርቱው ልምምድ ወደ ማታ፣ እህል ከቀመሰ በኋላ ይዛወርለት፤ ያልተቻለ እንደ ሆነም በዚያ ቀን ይቅለልለት። ወጡም በሱፍ፣ በተልባና በሰሊጥ ይበልጽግ። ሰውነት የሚፈልገው ቪታሚን ቢ 12 በእህልና በአትክልት አይገኝምና በፍስክ ቀን እንቁላሉና ወተቱ አይቅርበት፤ ስለ ረጅሙ ጾምም ሐኪም ይጠየቅ። ሰውነቱ የደከመ ልጅ እንዴት ይጹም የሚለውን ወላጅ በራሱ አይቁረጥ፤ አሠልጣኝም አይዘዝ። የንስሐ አባቱ የሐኪሙን ቃል ሰምተው ይምከሩት።

ከምግብ ቀጥሎ የሚመጣው ዕረፍት ነው። በዐሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ በሌሊት ከስምንት እስከ ዐሥር ሰዓት መተኛት ይገባዋል፤ በሳምንትም ቢያንስ አንድ ቀን ከልምምድ ይረፍ። ሐኪሞች የሚመክሩት ቀላል መስፈሪያ አለ፤ ይኸውም በሳምንት የሚለማመድበት ሰዓት ከዕድሜው ቍጥር እንዳይበልጥ ነው። የልጅ አጥንት በሚያድግበት ጫፍ ገና ለስላሳ ስለ ሆነ፣ የጉልበትና የተረከዝ ሕመም ሲደጋገም «ይለምደዋል» ማለት ጉዳት ያመጣል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ለመቸኮልም ምክንያት የለንም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ 28 ዓመቱ ነበር። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ የማራቶንን ወርቅ ያገኘው በ36 ዓመቱ ነው። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ካሸነፈች በኋላ ልጅ ወልዳ፣ በ1993 ዓ.ም. በሲድኒ ያንኑ የ10,000 ሜትር ድል ደገመችው። እንግዲህ በዐሥራ አራት ዓመቱ ቢሸነፍ ምን ይጎድልበታል? ዕድሜውን አሳንሶ ማስመዝገብ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ክኒንና መርፌ መቀበልም የዚሁ ችኮላ ልጆች ናቸው። በሰውነቱ ለተገኘው የተከለከለ መድኃኒት የሚጠየቀው ደግሞ ራሱ ሯጩ ነው።

አንዳንድ ወላጅ ይህን ሁሉ አንብቦ «ቤቴ ባዶ ነው፤ ለሌሎቹ ልጆቼስ ምን ልስጥ?» ይል ይሆናል። ጥያቄው እውነት ነው፤ መልሱም ከባድ ነው። ከታናናሾቹ አፍ ተነጥቆ ለሯጩ ይሰጥ አንልም። ገበታው ሩጫውን ያልቻለው እንደ ሆነ ግን ሩጫው ይቀነስ፤ ይህ ነውር አይደለም። አሠልጣኙም ይህን ከወላጁ አፍ ሊሰማ ይገባዋል። ልጁ የቤቱን ችግር በእግሩ እንዲከፍል የተላከ ባለ ዕዳ መሆን የለበትም፤ ትምህርቱንም ስለ ሩጫ ሊያቋርጥ አይገባውም።

ከውድድር ሲመለስ ብዙዎቻችን ከደጅ ጀምረን «ስንተኛ ወጣህ?» እንላለን። ያሸነፈ ልጅ ይህን ሳይጠየቅም ይናገራል፤ የተሸነፈው ግን ጥያቄውን ፈርቶ በሩ ላይ ይዘገያል። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ውሃውን አቅርቡለት፤ እግሩንም ይታጠብ፤ ከዚያም «ያመመህ ነገር አለ? በል ቅረብና ብላ» በሉት። የቀረውን በልቶ ሲጠግብ ራሱ ያወራችኋል።