ጀግናን ማክበርና የጦር ሜዳ ዜናን መከታተል፦ ከአምባሰል ምድር የሚገኝ ትምህርት

በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን ከየአቅጣጫው የሚተመው ምእመን ወደ ግሸን አምባ ይወጣል። ይህ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ በመካከለኛው ዘመን የነገሥታት ልጆች በግዞት ይኖሩበት የነበረ ተራራ መሆኑን ታሪክ ይነግረናል። ይሁን እንጂ የአምባሰል ምድር ለሀገራችን ያበረከተው ትምህርት በአምባው ላይ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 በዳግማዊ ምኒልክና በጣልያን መንግሥት ወኪል በአንቶኔሊ መካከል ውል የተፈረመበት ውጫሌም የሚገኘው በዚሁ በአምባሰል ነው።

የውሉ 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ቅጂ ኢትዮጵያ ብትፈልግ በጣልያን በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር ልትጻጻፍ እንደምትችል ሲያመለክት፣ በጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህን ማድረግ ግዴታዋ እንደሆነ ይናገር ነበር። በአንድ ግሥ ልዩነት የአንድ ሕዝብ ነፃነት ሊሸጥ ተቃርቦ ነበር። በወረቀት የተሸረበውን ተንኮል የበጣጠሰው ግን በስም የማይታወቀው ወታደር ነው።

መስከረም 1888 የክተት አዋጁ ሲታወጅ ከመሰብሰቢያዎቹ አንዱ የወሎው ወረኢሉ ነበር። ገበሬው ሞፈሩን ሰቅሎ፣ ስንቁን በአህያና በበቅሎ ጭኖ፣ ሚስቱን አስከትሎ ዘመተ። በአምባላጌ ፊታውራሪ ገበየሁ ግንባር ቀደም ሆነው ተዋጉ። በመቀሌ በእቴጌ ጣይቱ ዘዴ የምሽጉ የውሃ ምንጭ ተያዘ፤ ጠላትም ጥር 1888 ምሽጉን ለቆ ወጣ። የካቲት 23 ቀን በዓድዋ የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ የጄኔራል ዳቦርሚዳን ብርጌድ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ መውጫ መግቢያ አሳጣው። ጥቅምት 1889 በአዲስ አበባ በተፈረመው የሰላም ውል የውጫሌ ውል ተሰረዘ።

በዓድዋ ከ4000 እስከ 7000 የሚደርሱ ኢትዮጵያውያን እንደ ወደቁ ይገመታል። ከእነዚህ ውስጥ ስማቸውን የምናውቀው ስንቶቹን ነው? የጦር አዛዦቹን ስም ልጆቻችን በቃላቸው ያውቁታል። አህያ ነጂው፣ ውሃ ቀጂዋ፣ ቁስለኛ ተሸካሚው ግን ስም አልባ ሆነው ቀርተዋል። ስለዚህ ጀግናን ማክበር ማለት ሐውልት ማቆም ብቻ አለመሆኑን መገንዘብ ይኖርብናል።

ዓድዋ ሌላም ትምህርት ሰጥቶናል። የጠላት ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ለውጊያ የተነሣው ስለ ኢትዮጵያ ሠራዊት የተሳሳተ ወሬ ደርሶት ነበር። ባሻ አውዓሎም ሐረጎት የጠላት ሰላይ መስለው፣ የምኒልክ ጦር ተራበ፣ ተበታተነ ብለው አሳመኑት። ያልተጣራ ወሬ አንድን ሠራዊት ወደ ጥፋቱ መራው። ወሬ እንደ ጥይት የሚገድል መሣሪያ ነው። ስለሆነም የጦር ሜዳ ዜና የሚከታተል ዜጋ ሁሉ ማን ተናገረው፣ መቼ ሆነ፣ ማንስ አየው ብሎ መጠየቅ ግዴታው ነው።

በ1969 እና በ1970 የሶማሊያ ወረራ በተቃጣ ጊዜ የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች ስንቅ ሲያዘጋጁ፣ ምሽት ደግሞ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስበው የግንባሩን ዜና ሲያዳምጡ እንደ ነበር በዘመኑ የነበሩት ያስታውሱታል። የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ነፃ ወጣ። በዚያን ጊዜ ዜና መስማትና ስንቅ መቋጠር አብረው ይሄዱ ነበር።

በ2014 ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ ግን ስልክ ተቋርጦ ወሬ ብቻ ነገሠ። አንዱ ከተማ ያልተያዘውን ተያዘ፣ የተያዘውን አልተያዘም እየተባለ ስንት ቤተሰብ በከንቱ ተሰደደ፣ ስንቱስ ሳይሸሽ ቀረ! ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ተፈርሟል፤ በ2015 ማገባደጃም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። ወንድም ከወንድሙ በተዋጋበት ጦርነት እልልታና ፉከራ ለማንም እናት እንባ ማበሻ አይሆንም። የወታደሩን ጀግንነት ስናወሳ በወዲያኛው ወገን የሚለቀሰውንም ልቅሶ ልንሰማ ይገባናል።

እንግዲህ የሰፈራችን ማኅበራትና የሥራ ባልደረቦቻችን ከዚህ ምን እንማራለን? በየሰፈራችን አካሉን ያጎደለ ወታደር፣ ጧሪ ልጇን ያጣች እናት፣ አባቱን በፎቶግራፍ ብቻ የሚያውቅ ሕፃን አለ። የዕድራችን ድንኳን ለቅሶ ሲደርስ ብቻ የሚተከል ከሆነ ጀግናውን ግማሽ መንገድ ላይ ጥለነዋል ማለት ነው። የሟቹን ልጅ ደብተር መግዛት፣ የቁስለኛውን ጣራ መክደን፣ የመበለቷን የጡረታ ጉዳይ ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት አብሮ ተሯሩጦ ማስፈጸም እያንዳንዱ ሐውልት ነው።

የውጫሌን ተንኮል ያከሸፈው ስም የለሹ ሕዝብ ነው። ዕዳውም የምንከፍለው ለስም የለሹ ነው። ዜናውን አጣርተን እንስማ፣ ጀግናውን በሥራ እናክብር!