ከሰው ደረት የማታልፍ ታንክ

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት በእንጦጦ በኩል ነው። እንጦጦ ማርያም ጸሎት አድርሰው በክፍት መኪና ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከፊታቸው እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት በፈረስ ይመራ ነበር። ዛሬ እንጦጦ ፓርክ ብለን ልጆቻችንን ይዘን የምንወጣበት ተራራ ነው።

ቀኑ እንዲሁ የተገጣጠመ አይደለም። ልክ ከአምስት ዓመት በፊት፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ የጣሊያኑ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ተነስቶ፣ ከ1,500 በላይ ተሽከርካሪ አስከትሎ ከተማዋን ይዞ ነበር። ጣርማ በር ላይ ወገን መንገዱን አፍርሶበት ካሚዮኖቹ ሲማስኑ ሰንብተዋል።

ያኔ ጣሊያን ከሚመካባቸው መሣሪያዎች አንዷ ኤል 3 የምትባል ትንሽ ታንክ ነበረች። ክብደቷ ሦስት ቶን ከምናምን፣ የምትይዘው ሁለት ሰው፣ ሞተሯ 43 የፈረስ ጉልበት። ደህና መንገድ ካገኘች በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትሮጣለች። አሠራሯ የተቀዳው ካርደን ሎይድ ከተባለች የእንግሊዝ ታንክ ነው። ከባዱ ጉድለቷ አናቷ ላይ ነው፤ እየዞረ የሚተኩስ ማማ የላትም። መትረየሶቿ ከፊቷ የተተከሉ በመሆናቸው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞሩት በጥቂቱ ነው፤ በጎኗ ወይም በጀርባዋ ለመጣባት ሰው መልስ የላትም። ውስጧ የተቀመጡትም የሚያዩት በጠባብ ስንጥቅ ነው።

ይህን ጉድለቷን የራስ እምሩ ጦር በዓይኑ አይቶ ተረዳው። ታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ተከዜን ተሻግሮ፣ ሽሬ ውስጥ ደምበጉና በር ላይ (ከጎጃሙ ደምበጫ ጋር እንዳይምታታ) የጣሊያንን ጦር ከነታንኮቹ ከበበ። ይህ ነው የሚባል ፀረ ታንክ መሣሪያ አልነበረውም። ገደሉና ድንጋዩ ታንኮቹን መፈናፈኛ ሲነሳቸው፣ ወታደሩ መትረየሱ በማይደርስበት በኩል እየተጠጋ አንዳንዶቹን አቃጠለ፣ ሌሎቹን ማረከ። ያንን ቀን ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ጀግንነቱ ብቻ አይደለም፤ አይቶት የማያውቀውን ማሽን ውጊያው መሐል ቆሞ ማጥናቱ ጭምር እንጂ።

እንዲህ ያለ የጦር ዘመን ማሽን ሌላ አገር የመታሰቢያ በዓል አካል ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ላይ በየዓመቱ ሰኔ ሲመጣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂፖችና ካሚዮኖች ታድሰው፣ ሞተራቸው ተነስቶ በመታሰቢያው ሰልፍ ላይ ይነዳሉ። የእኛ ሚያዝያ 27 አራት ኪሎ ሐውልቱ ሥር ሲከበር ግርማው አርበኞቹ ናቸው፤ ጎፈራቸው፣ ጋሻቸው፣ ሜዳሊያቸው፣ ፉከራቸው። እነሱን የሚተካ ብረት የለም። እኔ የምመኘው ግን በዚያ ቀን አንዲት ኤል 3 ከአጠገባቸው እንድትቆም ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ30 ግድም ስለሆነ፣ የአሥር ዓመት ልጅ እጁን ዘርግቶ አናቷን መንካት ይችላል።