ሕመሙ ጠፋ ማለት ጡንቻው አገገመ ማለት ነው?

ቁልቁለት ሮጣችሁ በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቅቷችሁ ያውቃል? ብዙዎቻችን «ላክቲክ አሲድ ነው» እንላለን። እሱ ግን በ1 ሰዓት ገደማ ከጡንቻ ይጠፋል። ታዲያ የሚያመን ምንድን ነው?

ፍንጩ በኤምአርአይ ይታያል። መሣሪያው በማግኔትና በሬዲዮ ሞገድ በጡንቻ ውስጥ ያለውን ውኃ ይከታተላል። ቁልቁል ስንሮጥ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ስለሚሠራ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል፤ ያብጣል፣ ውኃ ይቋጥራል። ያ ቦታ ምስሉ ላይ ደምቆ ይወጣል።

የሚገርመው፣ ሕመሙ ከ1 እስከ 3 ቀን በርትቶ በሳምንት ውስጥ ይለቃል፤ ድምቀቱ ግን ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። የጡንቻው ጉልበትም ከሕመሙ ዘግይቶ ሊመለስ ይችላል።

ስለዚህ «አሁን አያመኝም» ብላችሁ ወዲያው ወደ ከባዱ ልምምድ አትግቡ። ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።