ሥዕሉን የሚጠብቀው ጣሪያው ነው

በጣና ሐይቅ ዳር፣ በዘጌ ባሕረ ገብ መሬት የሚገኘው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ በትረ ማርያም እንደተመሠረተ ይነገራል። ሕንፃው ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን፣ ቅድስቱም አራት ማዕዘን የሆነውን መቅደስ ይከባል። የመቅደሱ ውጫዊ ግድግዳ በቅዱሳት ሥዕላት የተሸፈነ ሲሆን፣ ሥዕላቱ ያረፉት በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ሥዕል ዕድሜው በጣሪያው ይወሰናል። ጣሪያ ሲያፈስ የጭቃው ግድግዳ ውኃ ይጠጣል፤ ጨርቁ ይላቀቃል፤ ቀለሙም ይረግፋል። የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መምረግም መፍትሔ አይደለም፤ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ በውስጥ ይታመቃልና።

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የምንገኝ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላትም ከዚህ የምንማረው አለ። በየዓመቱ ከክረምት በፊት ጣሪያውንና የውኃ መውረጃውን እንፈትሽ፤ ከክረምት በኋላም ግድግዳው እርጥበት አለመያዙን እንይ። የቆየ ሕንፃ ወይም ሥዕል ለማደስ ሲታሰብ ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ አስቀድመን እንጠይቅ። አዲስ ሕንፃ በገንዘብ ይሠራል፤ የጠፋ ጥንታዊ ሥዕል ግን አይመለስም።