ባንዲራው ሲወርድ

ካምፓላ ውስጥ፣ ከካባላጋላ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ባለው ግቢያችን፣ ግድግዳ የሚያዋስነኝ ጎረቤቴ የደቡብ ህንድ ሰው ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ። አንድ የመስከረም ሌሊት፣ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ የከበሮና የእምቢልታ ድምፅ ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ እኔ ሳልናገር እሱ ቀድሞ ይቅርታ ጠየቀና ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። ዙሪያውን በድንጋይ ደረጃ የታጠረ ሰፊ ኩሬ በሰው ጢም ብሎ ሞልቷል። መሃሉ ላይ ወገባቸው ድረስ ውሃ የገቡ ካህናት አንድ ክብ ነገር ይዘዋል። ካህናቱ ጎንበስ ሲሉ ሕዝቡም አብሮ ጠለቀ፤ ለአንድ አፍታ የሚታየው ውሃ ብቻ ሆነ።

«የመጨረሻው ቀን ነው» አለኝ። «ማታ ባንዲራው ይወርዳል፤ ከዚያ አበቃ።»

ለካምፓላ ሌሊት የሆነው ለህንድ ንጋት ነው፤ በሁለት ሰዓት ተኩል ይቀድሙናል። ስልኩ ላይ ያየሁት ቲሩማላን ነበር። ቲሩማላ በአንድራ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት፣ ከቲሩፓቲ ከተማ በላይ ያለ ተራራ ሲሆን፣ ሰባቱ ኮረብታዎቹ ቪሽኑ የተባለው የሂንዱዎች አምላክ የሚያርፍበት የታላቁ እባብ የአዲሼሻ ሰባት ራሶች ናቸው ይባላል። በላዩ ያለው ቤተ መቅደስ የቬንካቴሽዋራ ነው። ቬንካቴሽዋራ ማለት በዚያ ተራራ ላይ የተገለጠ ቪሽኑ ነው። ስለት ያለበት ሰው ከታች ተነስቶ ከ3,500 በላይ ደረጃ በእግሩ ይወጣል፤ ላይ ሲደርስ ፀጉሩን ተላጭቶ ይሰጣል። በከፍታ ከሄድን ካምፓላ ትበልጠዋለች፤ ግን የተቀደሰ ኮረብታ በሜትር አይለካም።

የተራራው ትልቁ ዓመታዊ በዓል ብራህሞትሳቫም ይባላል፤ መጀመሪያ ያከበረው ራሱ ፈጣሪው አምላክ ብራህማ ነው ስለሚባል ስሙ ከእሱ መጣ። ዘጠኝ ቀን ይፈጃል፣ አብዛኛውን ጊዜም ከእኛ መስከረም ጋር ይገጥማል። አዘጋጉን ለመረዳት አከፋፈቱን ማወቅ ግድ ነው፣ ምክንያቱም መዝጊያው የመክፈቻው ግልባጭ ነው። በዋዜማው እህል በአፈር ላይ ተዘርቶ እንዲበቅል ይደረጋል። በመጀመሪያው ቀን፣ የቪሽኑ ማመላለሻ የሆነው ንስር ጋሩዳ የተሳለበት ጨርቅ በቤተ መቅደሱ ፊት ባለው ወርቅ የተለበጠ ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። ይህ ባንዲራ ለጌጥ አይደለም። ጋሩዳ ሰማይ ወጥቶ አማልክቱን ሁሉ «ኑ፣ ድግስ አለ» ብሎ እንዲጠራ ነው የሚሰቀለው። የተጠራ እንግዳ ደግሞ ካልተሸኘ አይሄድም፤ ቢሄድም ነውር ነው። የመዝጊያው ሥርዓት በሙሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

በመሃሉ ያሉት ቀናት የሰልፍ ናቸው። ጌታው ቬንካቴሽዋራ ጠዋትና ማታ በተለያየ ማመላለሻ ይወጣል፦ በእባብ፣ በአንበሳ፣ በዝሆን፣ በፀሐይ፣ በጨረቃ። በአምስተኛው ሌሊት በጋሩዳ ላይ ሲወጣ ሕዝቡ ከሁሉም ቀን ይበዛል። በስምንተኛው ቀን ትልቅ የእንጨት ሠረገላ በገመድ ይጎተታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ከመቅደሱ የሚወጣው ዋናው የድንጋይ ምስል አይደለም፤ እሱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። የሚወጣው ማላያፓ የሚባለው፣ ለሰልፍ የተዘጋጀ የብረት ምስል ነው፣ ሁለት ሚስቶቹን በግራና በቀኝ አድርጎ። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ጥምቀትን ያነሳል። ሰልፉ፣ ጃንጥላው፣ ወደ ውሃ መውረዱ በእርግጥ ይመሳሰላል፤ እኛ ዘንድ ግን የሚወጣው ራሱ ታቦቱ ነው፣ ሕዝቡም አያየውም። እነሱ ዘንድ ማየት ራሱ በረከት ነው፤ መንገድ ዳር አምስት ሰዓት የሚቆሙት ለማየት ነው። ደግሞ «ምስል» የምለው አውቄ ነው። «ጣዖት» የሚለው ቃላችን ገና ሳይጀምሩ ፍርድ የሰጠ ነው፤ ለማብራሪያ አይሆንም።

ዘጠነኛው ቀን ንጋት ላይ ማላያፓና ሁለቱ ሚስቶቹ ከኩሬው አጠገብ ወዳለው የቫራሃ ቤተ መቅደስ ይወሰዳሉ። አብሮ የሚሄደው የቪሽኑ መሣሪያ፣ ሱዳርሻና የተባለው ክብ ቻክራ ነው። ምስሎቹ በወተት፣ በእርጎ፣ በማር፣ በኮኮነት ውሃ፣ በእርድና በሰንደል ተራ በተራ ይታጠባሉ። በመጨረሻ ቻክራው ኩሬው ውስጥ ይነከራል፣ በዚያው ቅጽበት በውሃው ያለው ሁሉ አብሮ ይጠልቃል። ጎረቤቴ ሌሊት ተነስቶ የጠበቃት ቅጽበት ይህች ናት።

ለምን መታጠብ? ቬዳ በሚባሉት የሂንዱዎች ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት ሥርዓት መሥዋዕት ያቀረበ ሰው ሲጨርስ «አቫብሪታ» የሚባል ገላ መታጠብ ነበረበት። በሥርዓቱ መሃል የተሳሳተ ቃልም ሆነ የተዘለለ ነገር በውሃው ይታጠባል፤ ሰውየውም ከመሥዋዕቱ ወጥቶ ወደ ቤቱ፣ ወደ ተራ ኑሮው ይመለሳል። የቻክራው መታጠብ የዚያ ቅጥያ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የደከመ በዓል ስህተት አያጣውምና መታረም አለበት።

ማታ በቬዳ ንባብ የጋሩዳው ባንዲራ ከምሰሶው ይወርዳል፣ አማልክቱም ይሰናበታሉ። እንደ ሠረገላው ቀን ግፊያ የለም። ጎረቤቴ እንዳለኝ ከሆነ ግን እናቱ የምታለቅሰው በዚህ ነው።

እኔን ግን የሳበኝ ማግስቱ ነው። ባንዲራው ወርዶ ሁሉም ካለቀ በኋላ ጌታው አንድ ቀን ደግሞ ይወጣል፤ በዚህ ጊዜ በተገላቢጦሽ። ቤተ መቅደስ የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው፣ እሱ ግን በዚያ ቀን ወደ ግራ ይዞራል። ተረቱ እንዲህ ነው። አናንታልቫር የሚባል ሰው፣ የመምህሩ የራማኑጃ ቃል አክብሮ፣ በተራራው ላይ ለአምላኩ የአበባ አትክልት ያለማ ነበር። አንድ ቀን አንድ ወጣትና ሚስቱ አትክልቱ ገብተው አበባ ሲቀጥፉ ይደርስባቸዋል። ሴቲቱን ይዞ ከዛፍ ጋር ያስራታል። ወጣቱ ያመልጣል፤ ሲሮጥም በተለመደው አቅጣጫ ሳይሆን በግራ ዞሮ ቤተ መቅደሱ ገብቶ ይሰወራል። ለካ ጌታውና እመቤቲቱ ነበሩ! ታዲያ በየዓመቱ በበዓሉ ማግስት ጌታው ያንኑ የሽሽት መንገድ ተከትሎ ወደ አናንታልቫር አትክልት ይሄዳል። አበባ ሰርቆ የሮጠ አምላክ፣ ያንንም ሳይደብቅ በሥርዓት የሚያስታውስ ሕዝብ፤ እኔ ይህን ስሰማ ለተራራው ያለኝ አስተያየት ተለወጠ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። የሂንዱዎች የጨረቃ ዓመት ከፀሐዩ ወደ 11 ቀን ያጥራል። እኛ ከአሥራ ሁለቱ ወራት የሚተርፉትን ቀናት በጳጉሜን እንዘጋለን፤ እነሱ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ አንድ ሙሉ ወር ይጨምራሉ። እንዲህ ባለው ዓመት፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ቲሩማላ ላይ ብራህሞትሳቫም ሁለቴ ይከበራል። በሁለተኛው ግን ባንዲራ አይሰቀልም፣ አይወርድምም።

ወደ ካምፓላ ልመለስ። ይህችም ከተማ በሰባት ኮረብታ ላይ ተቆረቆረች ይባላል፤ ዛሬ ቆጥሮ የሚጨርሳቸው የለም። ናሚሬምቤ የአንግሊካኖች ነው፣ ሩባጋ የካቶሊኮች፣ ኪቡሊ የሙስሊሞች፣ ኪካያ የባሃኢዎች። ሂንዱዎች ግን ኮረብታ አልደረሳቸውም፤ ትልቁ ቤተ መቅደሳቸው ታች፣ ከንግዱ ሰፈር መሃል ነው። አመጣጣቸውም በንግድና በባቡር ሐዲድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የያኔው የአገሪቱ መሪ ኢዲ አሚን 90 ቀን ሰጥቶ አባረራቸው፤ ከ1990ዎቹ ወዲህ የተመለሱና አዲስ የመጡ አሉ። አብዛኞቹ የጉጃራት ሰዎች ስለሆኑ የመስከረሙን ወቅት የሚያከብሩት በናቭራትሪ ነው። ዘጠኝ ሌሊት በመብራት ዙሪያ ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ። በመጀመሪያው ቀን የዘሩት እህል ቡቃያ በዓሉ ሲያበቃ ውሃ ውስጥ ይለቀቃል፤ የቲሩማላ ዘር የሩቅ ዘመድ መሆኑ ነው።

ኮረብታ ባይኖራቸው ሐይቅ አላቸው። ቪክቶሪያን የቡጋንዳ ሰዎች ናሉባሌ ይሉታል፤ «ሉባሌ» በቋንቋቸው የጥንት አማልክት መጠሪያ ነው። የማሃራሽትራ ተወላጆች የዝሆን ራስ ያለውን ጋኔሻን በቤታቸው ካስተናገዱ በኋላ የሚሸኙት ወደ ውሃ ነው፤ አንዳንዱ በአንድ ቀን ተኩል፣ አንዳንዱ በአሥረኛው ቀን ማግስት። አንድ ዓመት ጎረቤቴ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሲሄድ ተከትዬ ሄድኩ። ምስሉ ከቤት ከመነሳቱ በፊት የቤቱ ሽማግሌ ጸሎት አድርሶ ትንሽ ፈቀቅ አደረገው። በዚያች ፈቀቅታ አምላኩ ከጭቃው ወጥቷል ማለት ነው፤ የሚቀረው ጭቃ ነው። ጭቃ መሆኑም ለእኛ ይጠቅማል። የጂፕሰም ምስል ቶሎ አይሟሟም፣ ካምፓላ ደግሞ የምትጠጣው ከዚሁ ሐይቅ የሚጣራውን ነው።

«በሚመጣው ዓመት ቶሎ ና» እያሉ ሦስቴ ነክረው ለቀቁት። ቀለሙ መጀመሪያ ሄደ፣ ኩምቢው ተከተለ። ሽማግሌው ከውሃው ዳር አንድ እፍኝ አሸዋ ዘግኖ፣ ምስሉን ባመጣበት ሰሌዳ ላይ አድርጎ፣ በሁለት እጁ ይዞ መኪናው ውስጥ ገባ። ቤት ሲደርሱ አሸዋውን ጋኔሻ ተቀምጦ በነበረበት ቦታ ላይ አኖሩት።