ኀዘንን በመጽሐፍና በሥዕል ስለ መግለጽ

በአዲስ አበባ፥ ከመስቀል አደባባይ ዳር፥ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ይገኛል። በውስጡ የሟቾች ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ ተደርድሯል፤ አብዛኞቹም ወጣቶች ናቸው። ሥፍራው አብዮት አደባባይ ይባል በነበረበት ጊዜ፥ በ1969 ዓ.ም.፥ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቀይ ፈሳሽ የተሞሉትን ጠርሙሶች የሰበሩት በዚሁ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ ቤተ ሰብ ሬሳ ሳይቀብር፥ ለቅሶም ሳይቀመጥ ቀርቷል። በአንደበት ያልተለቀሰ ኀዘን ግን ጊዜውን ጠብቆ በብዕር ይወጣል።

ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ በሕፃንነታቸው ከአዲስ አበባ ወጥተው በውጭ አገር ያደጉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 በእንግሊዝኛ ቋንቋ ባሳተሙት የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸው፥ በአብዮቱ ዘመን ኃይሉ የተባለ ሐኪም ሚስቱን፥ ዮናስና ዳዊት የተባሉ ልጆቹም እናታቸውን ሲያጡ ይተርካሉ። ታላቁ ወደ ጸሎት፥ ታናሹ ወደ ትግል ያዘነብላል። የአንድ እናት ልጆች እንኳ አንድ ዓይነት ኀዘን አያዝኑም ማለት ነው።

ለሕፃናት የሚጻፈው ግን ከዚህ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በኡጋንዳ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ እናቶች፥ ለልጆቻቸው የትዝታ መጽሐፍ ማዘጋጀት ጀመሩ። የቤተ ሰቡን የትውልድ ሐረግ፥ ልጁ የተወለደበትን ቀን፥ የሚወደውን ጨዋታና የእናቱን ምክር በእጃቸው ይጽፋሉ፤ ፎቶግራፍ ይለጥፋሉ፤ ሥዕልም ይሥላሉ። እናቲቱ ብታልፍ ልጁ ማን እንደ ሆነና ከማን እንደ ተወለደ ከመጽሐፉ ያገኘዋል።

በእኛ ዘንድ ለሕፃን «አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል» ማለት የተለመደ ነው። ነገሩ ከርኅራኄ የመጣ ቢሆንም ይጎዳል፤ ልጁ በየቀኑ ደጅ ደጁን እያየ ይጠብቃልና። ትንንሽ ልጆች ሞት የማይመለሱበት መሆኑን ገና አይረዱም፤ አንዳንዶቹም «ባስቸግረው ነው የሞተው» ብለው በልባቸው ራሳቸውን ይከሳሉ። ስለዚህ መጽሐፉ ሦስት ነገር በግልጽ ይናገር፦ አባትህ ሞቷል፤ የሞተው በአንተ ጥፋት አይደለም፤ የሚያሳድግህም ሰው አለ። ሥዕሉንም ልጁ ራሱ ይሣለው። በቃል ሊናገር ያልቻለውን በእርሳስ ይናገረዋልና።

ወላጆች በሕይወት ሳሉ መጠየቅም ይገባል። መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው ከአለቃ ለማ ኃይሉ አንደበት የሰሙትን መዝግበው በ1959 ዓ.ም. በማሳተማቸው፥ የአንድ ሊቅ ትዝታ ለልጅ ልጅ ተርፏል።

እንግዲህ አባት ወይም እናት የሞተበት ልጅ በቤታችሁ ቢኖር አንድ ደብተር ግዙለት። አርባው ሲወጣ የመጀመሪያውን ገጽ አብራችሁ ጻፉ፤ በሙት ዓመቱም ሌላ ገጽ ጨምሩበት። ተዝካሩ ለሟቹ ነፍስ እንደሚደረግ ሁሉ፥ ደብተሩም ለቀሪው ልጅ መጽናኛ ይሆናል።